የአርባ ደቂቃ ፍተሻ

«አዎ፣ ተሰናብቼ ነው። ጥፋቱም የእኔ ነበር» አሉ የቴክኒሻኑ አማት በስልክ። ቴክኒሻኑ ፊቱን ታጥቦ ፎጣውን እንዳነሣ ነበር ድምፃቸው በመታጠቢያ ቤቱ በር ስንጥቅ አልፎ ጥርት ብሎ የደረሰው። ሽማግሌው ከኮሪደሩ ጥግ ቆመው የሚያነጋግሩት፣ የዕቃ መዝገብ የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል የተባለ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ነበር። «የለም፣ ከእርስዎ የምደብቀው ነገር የለኝም፤ ነገ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ዛሬ ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል ብዬ ነው። የሕመምተኛ ውጤት በእጄ ተበላሽቷል።» ከዚያ ዝምታ ሆነ። ነጋዴው በወዲያኛው ጫፍ ምን እንደ መለሰ አይሰማም፤ ነገር ግን ዝምታው ሲረዝም፣ ሽማግሌውም «ይገባኛል፣ ይገባኛል፤ ስለ ሰጡኝ ጊዜ አመሰግናለሁ» ሲሉ፣ የተባለውን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም ነበር። ቴክኒሻኑ የእግራቸው ኮቴ ከኮሪደሩ እስኪርቅ ድረስ ፎጣውን ፊቱ ላይ እንደያዘ ቆሞ ጠበቀ። ፊቱ ከደረቀ ቆይቷል።

ቤቱ በአራተኛ ፎቅ ላይ የሚገኝ፣ ሁለት መኝታ ክፍልና አንድ ጠባብ ሳሎን ያለው የኪራይ ቤት ነው። ሽማግሌው በሆስፒታሉ የመዝገብ ማሽኖች ጠባቂ ሆነው ሃያ ስድስት ዓመት አገልግለዋል፤ የሚኖሩበት የሠራተኛ ቤት ከሥራው ጋር አብሮ ስለ ተወሰደባቸው፣ ከስምንት ወር በፊት አንድ ሻንጣ፣ አንድ ሬዲዮና በገመድ የታሰሩ ደብተሮች ይዘው ወደዚህ፣ ወደ ሴት ልጃቸው ቤት ገቡ። የተለቀቀላቸው ክፍል የልጅ ልጃቸው ክፍል ነበር፤ ስለዚህ ከራስጌያቸው ልጅቷ የሣለቻቸው ሰማያዊ ዝሆኖችና አፍንጫ የሌላቸው ሰዎች ተለጥፈዋል፤ አልጋውም ስለሚያጥራቸው ጉልበታቸውን አጥፈው ይተኛሉ። አንድም ቀን «አጠረኝ» ብለው አያውቁም። በዚያ ቤት ስለ ሆስፒታሉ በገበታ ላይ አይነሣም። ይህን ደንብ ያወጣው ሰው የለም፤ ሁሉም ግን ያከብረዋል። ሲበላ የሚወራው ስለ ውሃ መጥፋት፣ ስለ ሊፍቱ መበላሸት፣ ስለ ዳቦ ነው።

«ዳቦ ደግሞ ጨመረ» አለች ሚስቱ ሻይ እየቀዳች።

«ዋጋው ያው ነው፤ ያነሰው ዳቦው ነው» አለ ቴክኒሻኑ።

«እኔስ ምን አልኩ? ያው አይደለም እንዴ!»

ሽማግሌው ፈገግ ለማለት ሞከሩና ተውት። የተቀቀለ እንቁላላቸውን እንደ ልማዳቸው ቀስ ብለው፣ ቅርፊቱን በአንድ በኩል እያከማቹ ሲልጡ ቆዩና ቀና ሳይሉ፣ «አዲሱን ሰርቨር የምትፈትነው ዛሬ ነው አሉ?» አሉት። በሚስቱ እጅ የነበረው የሻይ ማንቆርቆሪያ አየር ላይ ቀረ።

«አዎ አባባ፣ ዛሬ ነው።»

«ስንት ሰዓት ታስሮጠዋለህ?»

«እንደ ደንቡ ነው አባባ። ሙሉ ቀንና ሙሉ ሌሊት።»

«ደግ» አሉ ሽማግሌው፤ እንቁላላቸውንም ለሁለት ከፍለው ግማሹን ወደ ልጃቸው ሳህን ገፋ አደረጉት። በስምንት ወር ውስጥ በገበታ ላይ ስለዚያ ቦታ የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ልብስ ሰፊ ቀላል ትኩሳት አሟት ወደ ሆስፒታሉ መጣች፤ ደሟ ተመረመረ፤ ላቦራቶሪውም የኩላሊቷን ውጤት አንድ ነጥብ አንድ ብሎ መዘገበ። ሐኪሙ ከስክሪኑ ላይ ያነበበው ግን ዘጠኝ ነጥብ አንድ ነበር። ይህ ቁጥር ኩላሊቷ ሥራ አቁሟል ማለት ነውና፣ ደሟን ለማጠብ ተቻኩለው በአንገቷ ሥር ቱቦ ሰደዱባት። ሁለተኛው ምርመራ ደርሶ ስህተቱ ሲታወቅ ቱቦው የገባበት ቁስል አመርቅዞ ደሟን በክሎት ነበርና፣ ሳምንታት በሞትና በሕይወት መካከል ቆየች። ሆስፒታሉ አጣሪ ጉባኤ አቆመ። የላቦራቶሪው ወረቀት ትክክል ነው፤ የማሽኑ መዝገብ ስህተት ነው፤ መዝገቡን ከፍቶ በእጁ ማረም የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያም ሰው ሽማግሌው ናቸው፤ በዚያው ዕለት ጠዋትም ሌሎች መዝገቦችን ሲያርሙ ነበር። ጉባኤው ከመፍረዱ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረው፦ ማሽኑ ራሱ አሃዙን ሊለውጥ ይችላልን? ይህን እንዲመልስ የተጠራው በማሽኑ ውስጥ ራሞቹን የገጠመው ቴክኒሻን፣ የሽማግሌው የልጃቸው ባል ሆነ። ራም የሚባሉት ማሽኑ የጀመረውን ሥራ እስኪጨርስ ድረስ የሚሠራበትን ነገር የሚያኖርባቸው፣ ቁመታቸው ከስንዝር የሚያንስ ቀጫጭን ሰሌዳዎች ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱ ከታመመ፣ ማንም ሳይነካው ቁጥር ሊለወጥ ይችላል። «ራሞቹን እኔ ራሴ በደንቡ መሠረት ሙሉ ቀንና ሌሊት ፈትኛቸዋለሁ፤ ሊሆን አይችልም» ሲል መለሰ። የጉባኤው አባላት ለዝምድና የማይንበረከክ ሰው አየን ብለው ተደነቁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም በመሥሪያ ቤቱ «ቀጥ ያለው» የሚል ቅጽል ወጣለት። ሽማግሌው ሲሰናበቱ ቦታቸው በተጠባባቂነት ለእርሱ ተሰጠ። ቅጽሉን አልወደድኩትም ይል ነበር፤ ሲጠሩት ግን ቶሎ ይዞር ነበር።

የማሽን ክፍሉ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት የሚገኝ፣ መስኮት የሌለው፣ ቀንና ሌሊቱ የማይለይ ክፍል ነው። አዲሱ ሰርቨር፣ የሆስፒታሉን መዝገብ ሁሉ የሚይዘው ማሽን፣ ክዳኑ ተከፍቶ ከብረት ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፤ የአዲስ ዕቃ ሽታው ገና አልለቀቀውም። ቴክኒሻኑ ሲገባ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ቀድሞት ደርሶ ነበር። ይህ ሰው የተጣመመ የወረቀት ማያያዣ እያቃና መልሶ የሚያከፋፍል በመሆኑ ቆጣቢው ይሉታል፤ እርሱም ስሙን እንደ ሹመት ተቀብሎታል።

«እንካ፣ ሙሽራህን አስጊጣት» አለ ቆጣቢው ሁለት ራሞች በብርማ ከረጢት እያቀበለው። «ማሽኑ አራት ማስገቢያ አለው፤ የመጣው ግን በሁለት ራም ነው። ለቀሪው አዲስ ብንገዛ የእኔን የግማሽ ዓመት የቤት ኪራይ ይውጥ ነበር። ግምጃ ቤት ውስጥ ደህና ዕቃ ተቀምጦ!»

«አንተ እኮ ስትሞት የሬሳ ሣጥንህንም በኪራይ ነው የምታስመጣው።»

«ታዲያስ! ለአንድ ቀን አገልግሎት ማን ይገዛል?» ቆጣቢው በራሱ ቀልድ ሳል እስኪያፍነው ሳቀና ቁልፎቹን እያንቋቋ ወጣ።

ቴክኒሻኑ ከሰውነቱ የሚወጣ ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳ የመሬት ሽቦውን በእጁ አንጓ ላይ አሰረ፤ ሁለቱን ራሞች በሦስተኛውና በአራተኛው ማስገቢያ ውስጥ ጠቅ እስኪሉ ድረስ ገፋቸው። በጎናቸው ትንንሽ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል፤ ከግምጃ ቤት የሚወጣ ዕቃ ሁሉ እንዲህ ያለ ወረቀት አያጣምና አላነበበውም። ልክ በሦስት ሰዓት የጫና ፍተሻውን አስነሣ። የጫና ፍተሻ ማለት ማሽኑ በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ የማይገጥመውን ሥራ በአንድ ጊዜ ጭኖበት የሚሆነውን መጠበቅ ነው፤ ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ ግፍ ይባል ነበር። ማራገቢያዎቹ ጮኹ፤ ከማሽኑ ጀርባ የሚወጣው አየር ሞቀ፤ እርሱም ወንበሩን ስቦ ከስክሪኑ ፊት ተቀመጠ። ማሽኑ ስለ ራሱ የሚጽፈው መዝገብ ሰላም ነው። ለአንድ ሰዓት ያህል አንዲት የስህተት መስመር እንኳ አልወጣችም። ከነገ ወዲያ ማሽኑ ሥራ ይጀምራል፤ በዚያው ቀን የእርሱም ሹመት ከተጠባባቂነት ወደ ቋሚነት ይዛወራል። ደብዳቤው ተጽፎ ከሆስፒታሉ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ እንደሚገኝ ጸሐፊዋ በጆሮው ነግራዋለች።

አራት ሰዓት ከሩብ ሲሆን የመጀመሪያዋ መስመር ወጣች። የማሽኑን ሥራ ሁሉ ከሥር ሆኖ የሚመራው ከርነል የሚባለው ክፍል ነው ያስመዘገባት፦ በሦስተኛው ማስገቢያ የራም ስህተት፣ ብዛት አንድ፣ ተስተካክሏል። ጥቂት ቆይቶ ሁለት ሆነ፤ ከዚያ ሰባት፤ ከዚያ ሠላሳ አንድ። ይህ አዲስ ማሽን የድሮው ያልነበረው አንድ ጸጋ አለው፤ ከራሙ የሚመለሰው ነገር አንድ ምልክት ተዛንፎ ሲያገኘው ያቃናዋል፣ ማቃናቱንም ይናገራል። የልብስ ሰፊዋን ውጤት የያዘው የድሮው ማሽን የተዛነፈውን እንደ መጣ ተቀብሎ ዝም ይል ነበር። ቴክኒሻኑ አልደነገጠም። ለእንዲህ ያለው ነገር ደንብ አለው፤ ደንቡንም ያስተማሩት ሽማግሌው ናቸው፦ መጀመሪያ አቧራውን፣ ቀጥሎ ሙቀቱን፣ ቀጥሎ ማስገቢያውን፣ በመጨረሻ ሰሌዳውን ጠርጥር፤ እስክታዛውረውም ድረስ በማንኛቸውም ላይ አትፍረድ። ማሽኑን አጥፍቶ ማስገቢያዎቹን በአየር ነፋ፤ የራሞቹን ጥርሶች በንጹሕ ጨርቅ ጠረገ፤ የክፍሉን ማቀዝቀዣ ዝቅ አደረገ፤ የፍጥነት ልኩን ከፋብሪካው ልክ ጋር አስተያየ። ከዚያ በሦስተኛው ማስገቢያ የነበረውን ራም አውጥቶ ከመጀመሪያው ጋር አቀያየረው። ስህተቱ ሦስተኛው ላይ ከቀረ ጥፋቱ የማሽኑ ነው፤ ወደ መጀመሪያው ከሄደ ግን የሰሌዳው ነው። ፍተሻውን እንደገና አስነሥቶ ከቤት ያመጣውን ዳቦ ከስክሪኑ ፊት ቆረሰ።  አሁንም አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ሰላም ሆነ። ከዚያ ራሙ ሲግል መስመሯ ወጣች፦ በመጀመሪያው ማስገቢያ።

ማሽኑን አጥፍቶ ጥፋተኛውን ሰሌዳ ነቀለና ወደ መብራቱ አስጠጋው። ከጎኑ የተለጠፈችው ወረቀት ጠርዟ ወይቧል። «ተፈትኗል» ይላል፤ ከሥሩ ከሁለት ዓመት በፊት የነበረ አንድ ዓርብ ተጽፏል፤ ከቀኑ ቀጥሎ የራሱ ፊርማ አለ።

ስልኩን አንሥቶ ቆጣቢውን ጠራው። «እነዚህን ራሞች ከየት ነው ያመጣሃቸው?»

«ከድሮው ማሽን ሆድ ዕቃ ነዋ! ባለፈው ሲፈታ አወጣኋቸው። ምነው? ደግሞ ተፈትኗል ይላል እኮ፣ ያውም በራስህ ፊርማ። የፈለግከው ማኅተም ነው እንዴ?»

«የለም» አለ ቴክኒሻኑ፤ «ይበቃል።»

ያ ዓርብ ተመልሶ መጣበት። ሽማግሌው በዚያን ዕለት ሚስታቸው ታማባቸው ፈቃድ ላይ ነበሩ፤ ሲወጡም «ራሞቹን ሙሉ ቀንና ሌሊት ሳታስሮጥ ወረቀት እንዳትለጥፍባቸው» ብለውት ነበር። እርሱም «እሺ አባባ» ብሏቸው ነበር። አንድ ወዳጁ ግን ለምሳ ጠርቶታል። ምሳው የተለየ ምሳ አልነበረም፤ ሠርግ አይደለም፣ ልደት አይደለም፤ ሰዎች ተሰብስበው የሚሳሳቁበት ተራ ምሳ ነበር። ፍተሻውን አስነሥቶ አርባ ደቂቃ ጠበቀ፤ ምንም አልወጣም፤ ወረቀቱን ጻፈ፣ ለጠፈ፣ ሄደ። ስለ ምሳው ዛሬ የሚያስታውሰው ሾርባው ጨው እንደ በዛበት ብቻ ነው። ከዓመት በላይ ቆይቶ በጉባኤው ፊት ሲቆም ያቺ ወረቀት አስቀድማ መልሳለት ነበርና፣ እርሷን አስተባብሎ ከመቆም ከእርሷ ጋር መስማማት ቀለለው። ደግሞም በዚያ ሰዓት ራሙ ደህና ነው ብሎ ያምን ነበር። ሰው ያላየውን ነገር አይቻለሁ ብሎ ሲምል፣ ነገሩ እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ መሐላው ሐሰት መሆኑን ለማወቅ ዕድሜውም ትምህርቱም አላነሰውም። አውቆ ነው የተወው።

አንድ ነገር ቀረው። ምናልባት ይህ ሕመም የዛሬ ይሆናል፤ ምናልባት ያን ጊዜ ሰሌዳው ጤነኛ ነበር። ይህን ምናልባት እንደሚሰጥም ሰው ጨበጠው። የማሽኑን አስተካካይ ዘጋው፤ ስህተቱ ሳይቃና ራቁቱን እንዲታይ ማለት ነው። ከዚያም የታመመውን ሰሌዳ ብቻ መልሶ ሰክቶ ሌሎቹን አወጣና፣ አንድ አሃዝ እየጻፈ መልሶ የሚያነብ ፕሮግራም አስነሣ። ማሽን አሃዝን የሚጽፈው ስምንት ምልክቶችን በማብራትና በማጥፋት ነው፤ በዚያ አጻጻፍ አንድና ዘጠኝ ሰባቱ ምልክቶቻቸው ይመሳሰላሉ፤ የሚለያቸው አንዱ ብቻ ነው። ስምንት ሰዓት ከሃያ ሲሆን ሰሌዳው ጋለ። ማሽኑ አንድ ብሎ ጽፎ ዘጠኝ ብሎ አነበበ። ደግሞ አንድ ጽፎ ዘጠኝ አነበበ። ቴክኒሻኑ ስክሪኑን እያየ ቆመ፤ ምልክቷ በዚያችው ቦታ ላይ ናት፤ ከዚያች ቦታ ንቅንቅ አላለችም።

የሆስፒታሉ ኃላፊ ቢሮው ውስጥ መነጽሩን በክራቫቱ ጫፍ እየጠረገ አዳመጠው። ሲጨርስ መነጽሩን መልሶ አደረገ።

«ሁለቱን ራሞች አውጣቸው» አለ። «አዲስ እንዲገዛ ዛሬውኑ እፈርማለሁ። ፍተሻውን ድገመውና 'ማሽኑ ንጹሕ ነው' ብለህ ሪፖርትህን ስጠኝ።»

«የሽማግሌውስ ጉዳይ?»

«የትኛው ጉዳይ? ጉባኤው ወስኗል፤ መዝገቡ ተዘግቷል። እርሳቸውም ራሳቸው 'የእኔ ጥፋት ነው' ብለው ፈርመዋል። ያስገደዳቸው አለ?»

«የፈረሙት እኔን አምነው ነው።»

«ስማ ልጄ» አለ ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ሰውን «ልጄ» የሚለው ሊጠቅም ሲፈልግ ነበር። «አንድ ሰው ከመቃብር አወጣለሁ ብለህ ሌላ ሰው ልትቀብር ነው። የምትቀብረውም ራስህን ነው። ነገሩ ደግሞ በአንተ አያበቃም፤ ሴትየዋ ጠበቃ ይዛ ብትመጣስ? ሆስፒታሉን ነው የምታስከስሰው። ሽማግሌው ጡረታቸው ደርሶ ነበር፤ ዛሬም አንተው ቤት በክብር ተቀምጠዋል፤ ምን ጎደለባቸው?» ከመሳቢያው አንድ ደብዳቤ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ አልገፋለትም፣ አኖረው ብቻ። «ከነገ ወዲያ ይህን እፈርማለሁ። ሂድና አስብበት።»

ቴክኒሻኑ «እሺ ጌታዬ» ብሎ ወጣ። ይህን ማለቱ በኋላ አሳፈረው፤ ነገር ግን ከአፉ የወጣው እርሱ ነበር። ወደ ምድር ቤቱ ወርዶ ከስክሪኑ ፊት ተቀመጠና አንድ ሰዓት ያህል ምንም አልጻፈም። የአማቱ የጠዋት ድምፅ፣ ያ «ይገባኛል፣ ይገባኛል» የሚለው፣ ከማራገቢያው ጩኸት በላይ ይሰማው ነበር። ጀግና ስለ ሆነ አልነበረም የጻፈው። ማታ ቤቱ ገብቶ ከእኚያ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ስለ ዳቦ ማውራት እንደማይችል ስለ ተረዳ ነበር። ሪፖርቱ ከአንድ ገጽ አልበለጠም፤ የስህተቱን መስመሮች፣ የሰሌዳውን ቁጥር፣ የአንድንና የዘጠኝን ነገር፣ ያን ዓርብና በጉባኤው ፊት የሰጠውን የሐሰት ቃል የያዘ ነው። ወደ ኃላፊው አልወሰደውም። ቀጥታ ወደ መዝገብ ቤት ሄደ፤ በዚያ የገቢ ቁጥር የተሰጠው ወረቀት ተመልሶ አይወጣምና።

«ቀጥ ያለው መጣ!» አለች የመዝገብ ቤቷ ሴት ልትዘጋ ቁልፉን ይዛ። «ምነው ዛሬ ጎበጥክብን? የፈቃድ ማመልከቻ ከሆነ ነገ ና፤ እግሬ አብጧል።»

«ፈቃድ አይደለም እትዬ። አንድ ማኅተም ብቻ።»

ወረቀቱን ሳታነበው ማኅተሙን አሳረፈችበት፤ ቁጥሩን በትልቁ ባሕር መዝገብ ላይ ጻፈች፤ ቅጂውን መለሰችለት። «ይኸው፣ ተገላገልክ» አለችው። በእርግጥም ወደ ቤቱ ሲሄድ እንደ ተገላገለ ሰው ቀሎት ነበር። በአውቶቡሱ መስኮት መንገደኛውን እያየ፣ ሹመቱ እንደ ቀረ፣ ምናልባትም ሥራው እንደ ቀረ እያሰበ፣ በዚያ ሁሉ መሐል አንድ ቀጭን ኩራት ሲንቀሳቀስበት ተሰማው፤ ማንም ሳያስገድደኝ እውነቱን ተናገርኩ የሚል ኩራት።

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር ቤት ሲደርስ። ሚስቱ ሳሎን ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች፤ ልጅቷ ከጎረቤት ልጆች ጋር ደረጃው ላይ ትጫወታለች። ሽማግሌው በክፍላቸው፣ የልጅቷ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሰው በአንዱ ደብተር ውስጥ ይጽፉ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ነገራቸው፤ ቅጂውንም አቀበላቸው። አላነበቡትም። እንደ ድሮው፣ ሥራ ሲያስተምሩት እንደ ነበረው ጠየቁት።

«አዛወርከው?»

«ከሦስተኛው ወደ መጀመሪያው። ተከትሎት ሄደ።»

«በስንት ጊዜ ታየ?»

«ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ። ሲግል ነው የሚታየው።»

«ያኔስ ስንት ጊዜ አስሮጥከው?»

«አርባ ደቂቃ፣ አባባ።»

ከሳሎኑ ይሰማ የነበረው የካውያው ድምፅ ቆመ። ሽማግሌው ደብተሩን ዘጉት። ቴክኒሻኑ ያን ጊዜ ነው ደብተሮቹ ምን እንደሆኑ ያየው፤ ያችን አንድ ቀን፣ በዚያን ጠዋት የነኩትን እያንዳንዱን መዝገብ ከአእምሯቸው እያወጡ፣ በተለያየ ቅደም ተከተል፣ ስምንት ወር ሙሉ ደጋግመው ጽፈዋታል። እጃቸው የሳተበትን ቦታ ሲፈልጉ ኖረዋል።

«አንተ ፈትኜዋለሁ ካልክ፣ የቀረው የእኔ እጅ ብቻ ነበር» አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጡ ኖሮ ይቀለው ነበር። «ሌላ መንገድ አልነበረኝም። አንተን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ፤ እንዴት አድርጌ ልጠርጥርህ? እጄን ጠረጠርኩ። ከልብስ ሰፊዋም ዘንድ ሄድኩ።»

«ከሴትየዋ? መቼ?»

«ከተሰናበትኩ በሦስተኛው ሳምንት።»

«መዝገቡ ድናለች ይላል፣ አባባ።»

«ድናለች። ደሟን ያጠራላት መድኃኒት ጆሮዋን ወሰደው። አንድም ነገር አትሰማም፤ የገዛ የስፌት መኪናዋን ድምፅ አትሰማም፤ በጣቷ እየነካች ነው የምትሰፋው። እኔ ይህን ሳላውቅ ደጇ ላይ ቆሜ ስናገር፣ ስናገር... አፌን ታያለች። ከዚያ ወረቀት አቀበለችኝ። 'ያጠፋሁት እኔ ነኝ' ብዬ ጻፍኩላት። ቀስ ብላ ነው የምታነበው። አንብባ ስታበቃ ከሥሩ 'እጅህ ነው እንጂ ልብህ አልነበረም፤ ይቅር ብዬሃለሁ' ብላ ጻፈችልኝ። እጄንም ያዘችው።» ሽማግሌው እጃቸውን አዩት፤ የሌላ ሰው ዕቃ በስህተት ይዘው የመጡ ያህል። «የእኔ ያልሆነ ይቅርታ ተቀብዬ መጣሁ።»

ቴክኒሻኑ ወደ ክፍሉ ገባ። በአውቶቡስ ውስጥ ይዞት የመጣው ያ ቀጭን ኩራት ከየት ገብቶ የት እንደ ወጣ አላወቀም። «ምን ላድርግ፣ አባባ?» አለ።

ሽማግሌው ከሻንጣቸው አንድ ንጹሕ ወረቀት አወጡና ወንበሩን ለቀውለት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ጻፍ» አሉት። «ለመዝገብ ቤት እንደ ጻፍከው አይደለም። ለእርሷ ጻፍ። ድምፅህ አይረዳህም፤ ማልቀስህም አይሰማም። ስታነበው ፊት ለፊቷ ትቆማለህ።»

«አብረውኝ ይሄዳሉ?»

ሽማግሌው ብዕር አቀበሉት። «እስከ በሩ» አሉ።

ቴክኒሻኑ ጉልበቱ በማይገባበት በዚያ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ ገባች። ሁሉንም እንደ ሰማች ከአቋቋሟ ያስታውቅ ነበር። በጠረጴዛው ላይ ተበታትነው የነበሩትን የልጅቷን ባለ ቀለም እርሳሶች አንድ በአንድ ሰበሰበች፤ የላጲሱን ፍርፋሪ በመዳፏ ጠረገች፤ ወረቀቱ የሚያርፍበትን ቦታ አስለቀቀች። ፊቱን ግን አላየችውም። እርሱም ብዕሩን ይዞ እስክትወጣ ድረስ ጠበቀ፤ እርሷ ግን አልወጣችም፤ ከአባቷ ጎን፣ አጭሩ አልጋ ላይ ተቀመጠች፤ ሁለቱም ሲጽፍ ይጠብቁት ጀመር።